የጥያቄ ምልክት የሆነው የአባቴ ጽሑፍ

ኮምፒውተር ላይ የጻፉትን አማርኛ ሲከፍቱ ባዶ ሣጥኖች ብቻ ቢታዩዎት አይደንግጡ። የጎደለው ፎንቱ ነው እንጂ ጽሑፉ ደህና ነው። ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ተደርድረው ካዩም ተስፋ አለ፤ ፕሮግራሙ አነባበቡን ስቶ ነውና ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉት። የሚያስፈራው የጥያቄ ምልክት ብቻ ተሞልቶ ሲያገኙት ነው። ይህ በፋይሉ ውስጥ ከተቀመጠ «ሀ»ም «ፐ»ም አንድ ምልክት ሆነዋል፤ የትኛው የት እንደነበረ የሚለይ ባለሙያ የለም።

ዳንግላ ያሉትን አባቴን የገጠማቸው ይኸኛው ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ መብራት ባለ ቁጥር፣ ስለ አያቴ ፈረስና በየዓመቱ ጥር 23 ስለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲጽፉ ኖረዋል። ትረካው በአማርኛ ነው፤ የአያቴ ንግግር ግን በራሱ በአዊኛ፣ አማርኛ የሌለውን የአፍንጫ ድምፅ በምትወክለው «ጘ» ጭምር። አንድ ጠዋት ሲከፍቱት ከመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ገጽ በቀር ሁሉም የጥያቄ ምልክት ሆኗል።

ሠፈሩ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፈረደ። ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጭንላቸው ተነሣ። በስልክ «ማንም እንዳይነካው» ብዬ ቅዳሜ ደረስኩ።

የሚጽፉበት ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። በፍላሽ ላይ የቆየ ቅጂ ነበራቸው። እሱን አባዝተን ቅጂው ላይ ብቻ ሠራን፦ አንድ ፊደል መጨመር፣ ሴቭ ማድረግ፣ መዝጋት፣ መልሶ መክፈት። ደህና ነው። ለካናዳ የልጅ ልጆቻቸው በቅርቡ የጻፉትን የእንግሊዝኛ መግቢያ ከላይ ስንጨምርበት ግን ተበላሸ። ከአማርኛው ግማሹን ቆረጥን፤ ተበላሸ። አንድ መስመር ብቻ ተውን፤ አሁንም ተበላሸ። አባቴ እያንዳንዱን ሙከራ እንደ ፈተና ውጤት በደብተር ይመዘግባሉ። ከዚያ ከእንግሊዝኛው በላይ «በስመ አብ» ብለው ጻፉ፣ የብራና ጸሐፊዎች እንደሚጀምሩት። አልተበላሸም! ሦስት ጊዜ ደገምነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። ኮምፒውተር በተለመደው አቀማመጥ የእንግሊዝኛን ፊደል በአንድ ባይት፣ የግዕዝን በሦስት ባይት ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ ሴቭ ሲያደርግ የላይኛውን ገጽ ብቻ አይቶ «ሁሉም እንግሊዝኛ ነው» ይላል፤ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። ስክሪኑ ላይ እስኪዘጋ ድረስ ምንም አይታይም፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ የተሳሳተ ግምት የታላላቆቹም ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ በፊት በነበረው ኖትፓድ አንድ ባለ አራት ቃል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ሲያስቀምጡና ሲከፍቱ በቻይንኛ ፊደላት ወይም በሣጥኖች ይተካ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ፕሬዚዳንት ቡሽን ስለሚያማ ምሥጢር አለው ተብሎ ተወራ። ሰዎች ሌሎች ዓረፍተ ነገሮችን በተመሳሳይ የፊደል ብዛት ሲሞክሩ ግን ያው ሆነ፤ ኖትፓድ ጽሑፉን በሌላ የፊደል አቀማመጥ የተጻፈ እየመሰለው ነበር።

እርስዎም እንዲህ ቢገጥምዎት ለሠሪው «ፕሮግራማችሁ አይረባም» ብለው አይጻፉ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚያስነሣው ንዴት ብቻ ነው። እኛ የፕሮግራሙን ቁጥር፣ የዊንዶውሱን ዓይነት፣ አራቱን እርምጃ በቅደም ተከተል፣ የጠበቅነውንና ያገኘነውን ጻፍን። አባሪ ያደረግነው አንድ የእንግሊዝኛ ገጽና ከሥሩ «ሰላም» የሚል ቃል ያለበት ፋይል ነው፤ የቤተሰብ ጽሑፍ ለማያውቁት ሰው አይላክም። የ«በስመ አብ»ን ዘዴም ነገርናቸው።

በዘጠነኛው ቀን «እኔም ጋ ተበላሸ፤ አመሰግናለሁ» የሚል አጭር መልስ መጣ። በሚቀጥለው እትም ተስተካከለ።

ከፍላሹ ቅጂ በኋላ የተጻፉት አሥራ አንድ ገጾች ግን አልተመለሱም። አባቴ እንደገና እየጻፏቸው ነው። ፈረሱ በመጀመሪያው ጽሑፍ ዳማ ነበር፤ አሁን ሲያስቡት ቦራ ይመስላቸዋል። እንጅባራ ያለች አክስቴን ልንጠይቅ ነው።