«አያመኝም እኮ»

እኛ ቤት ሐኪም ቤት የሚያስኬደው ሕመም ብቻ ነው። ካላመመ ሥራ አለ፤ ካላመመ ገንዘብ አይወጣም።

እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። በኛ ሥራ ድንገት የሚወድቅ ፕሮግራም ብዙም አያስጨንቅም፤ መውደቁ ራሱ ይናገራል። የሚያስጨንቀው ምንም የስህተት መልእክት ሳያወጣ ለወራት የተሳሳተ ሒሳብ የሚያሰላው ነው። ከቆዳ ሥር የሚወጣ እባጭም እንደዚያው ነው፤ አለማመሙ ብቻውን ደህና መሆኑን አያሳይም።

እኔ ክንዴ ላይ ሽምብራ የምታህል እባጭ አለችኝ። ለስላሳ ናት፤ በጣት ሲገፏት ትንሸራተታለች፤ በ4 ዓመት ውስጥ አላደገችም። ሐኪሙ ዳስሶ «ሊፖማ ነው፣ የስብ እጢ፤ ካላስቸገረህ ተወው» አለኝ። አክስቴ ደግሞ ከመንጋጋዋ በታች አንገቷ ላይ ወጣባት፤ ጠንከር ያለች፣ ቀስ በቀስ የምታድግ። ሁለት ወር ሙሉ በነጠላዋ እየሸፈነች፣ «ምን ያስጨንቅሃል? አያመኝም እኮ» ትለኝ ነበር። የኔም አያምም፤ የሷም አያምም።

የሚለያቸው ሌላ ጥያቄ ነው። ከመቼ ጀምሮ? እያደገ ነው? ጠንካራ ነው? ሲገፉት ይንቀሳቀሳል ወይስ ተጣብቋል? ከ5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ አለ? ጉሮሮ ሲታመም አንገት ላይ የሚያብጥ እጢ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ይጎድላል፤ ካልጎደለ መታየት አለበት። ጡት ወይም የዘር ፍሬ ላይ ከሆነ ግን መጠበቅ የለም። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

ስለ ሕመም መከራከሩን ትቼ፣ «ሌሊት አንሶላሽ ለምንድን ነው በላብ የሚርሰው?» አልኳት። ዝም አለች። በማግስቱ ሄድን። በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱላት፤ ውጤቱ የእጢ ቲቢ ሆነ። ቤት እንደገባን መጀመሪያ ያደረገችው ሲኒዋን ከኛ ሲኒ መለየት ነበር። ያቺን ሲኒ ለብቻዋ መስኮት ላይ ሳያት ከእባጩ ይልቅ እሷ አስደነገጠችኝ። በቀጠሮዋ ቀን ነርሷ ቁጭ ብላ አስረዳቻት፦ ሳንባዋ ነፃ ነው፤ የእጢ ቲቢ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ በሲኒ ደግሞ የትኛውም ቲቢ አይተላለፍም። መድኃኒቱ የ6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

አሁን አራተኛ ወሯ ነው። እጢዋ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም፤ ክኒኑን ግን አንድ ቀን አላቋረጠችም። ሲኒዋም ረከቦቱ ላይ ከኛ ጋር ተመልሳለች።