በስኳር የተገዛች ደሴት

ልጆች ይዛችሁ ኒውዮርክ ዘመድ ለመጠየቅ ከሄዳችሁ፣ አንድ ቀን ከከተማው ግርግር ወጣ በሉ። ባቡሩ ሎንግ አይላንድን አቋርጦ ግሪንፖርት የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ያደርሳችኋል። ከዚያ መኪና በሚጭነው ጀልባ ጥቂት ደቂቃ ስትጓዙ ሼልተር አይላንድ ገባችሁ ማለት ነው።

እዚህ የምታዩት ጥንታዊ ቤት ሲልቬስተር ማነር ይባላል። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1651 ናትናኤል ሲልቬስተርና ሸሪኮቹ ደሴቷን በ1,600 ፓውንድ ስኳር ሲገዟት ነው፤ 725 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑ ነው። ዋጋው በስኳር መከፈሉ አይግረማችሁ። ሸሪኮቹ ባርባዶስ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበራቸው። ደሴቷ ለዚያ እርሻ ምግብ፣ ከብትና የበርሜል እንጨት ታቀርብ ነበር። ጉልበቱ የማን ነበር? ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎችና የአካባቢው ነባር ሕዝብ።

አሁን የቆመውን ቤት በ1737 ገደማ ያሠራው የናትናኤል የልጅ ልጅ ብሪንሊ ነው። ቤቱና መሬቱ እስከዚህ ክፍለ ዘመን ድረስ ለ11 ትውልድ ከቤተሰቡ እጅ አልወጡም። በጋብቻ ከገቡት ባለቤቶች አንዱ ኤበን ሆርስፎርድ ነው፤ ኬክ ስትጋግሩ ለምትጠቀሙበት ቤኪንግ ፓውደር ፈር ከቀደዱት ኬሚስቶች የሚቆጠር ሰው።

ቤቱን አድንቃችሁ ብቻ ግን አትመለሱ። በግቢው ውስጥ ዛፎች ያጠሉበት የታጠረ መሬት አለ። እዚያ ያለው ትልቅ ድንጋይ ቦታው ከ1651 ጀምሮ የጥቁሮች መቃብር እንደሆነ ይናገራል። ማን የት እንዳረፈ የሚያሳይ ስም ግን የለም።

ጥቂት ስሞች የተገኙት ናትናኤል በ1680 ባስጻፈው ኑዛዜ ላይ ነው፤ ታሜሮና ሚስቱ ኦዩ፣ ጃኬሮና ሚስቱ ሃና፣ ሌሎችም። የተጻፉት የሚወረስ ንብረት ተብለው ነው። ልጆቻቸውም ለወራሾች ተከፋፈሉ።

ዛሬ ግቢው በበጎ አድራጎት ድርጅት የሚተዳደር፣ አትክልት የሚመረትበትና ታሪኩ ሳይሸፋፈን የሚነገርበት እርሻ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የጉብኝት ቀኑን አጣሩ።

ልጆቻችሁ «ይሄ የማን ቤት ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ ለመመለስ አትቸኩሉ። በእኛ አገር ርስት የሚቆጠረው በአጥንት ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ድንጋዩ ውሰዷቸው፤ ከዚያ የታሜሮንና የኦዩን ስም ንገሯቸው።