ስሙ የጠፋ ፈሳሽ

አገር ቤት በአንድ ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ በረኪናው፣ ፈሳሽ ሳሙናው፣ የሽንት ቤት ማጽጃው አሲድ፣ አንዳንዴም ላምባው በአንድ ዓይነት የሃይላንድ ውኃ ጠርሙስ ተሞልተው ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። የትኛው ምን እንደሆነ የምታውቀው የገለበጠችው ሴት ናት። እሷ የቀረች ቀን በቦታዋ የገባችው ክዳን እየከፈተች ታሸታለች። በጋራዥ የባትሪ አሲዱ፣ በቀለም ቤት ቲነሩ፣ በእርሻ ላይ ፀረ ተባዩ ከዚህ ብዙ የተለየ ዕጣ የላቸውም። እዚህ አሜሪካ በሆቴል፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የጽዳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ወገኖቻችን ደግሞ በሚይዙት በእያንዳንዱ መርጫ ላይ የፈሳሹ ስምና የአደጋው ዓይነት ተለጥፎ ያገኛሉ፤ ቢያንስ ደንቡ እንዲያ ያዛል። ስለዚህ ልዩነት ሲወራ ወዲያው የሚነሣው ጓንትና ማስክ ነው፤ ቀጥሎ ድህነት፣ ቀጥሎ የሕግ አለመኖር። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ ባይ ነኝ፦ አደገኛው ፈሳሽ ከፋብሪካ ወጥቶ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ ጠርሙስ ድረስ ስሙን ይዞ ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይጥለዋል?

በረኪና በውኃ የተበጠበጠ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ለብቻው ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1915 ኢፕር በተባለው የቤልጅየም ግንባር ወታደሮችን የፈጀው ይኸው ጋዝ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ተንበርክካ የምትፈትግ ሴት ቆሻሻው አልለቅ ሲላት በረኪናውንና የሽንት ቤት ማጽጃውን ብትደባልቅ የሚያስወቅሳት ነገር የለም፤ ሁለት ብርቱ ነገር አንድ ላይ ይበልጥ ይበረታል ብላ ነው። የምታፈሰው ሁለተኛ ፈሳሽ አሲድ መሆኑን የሚነግራት ነገር ጠርሙሱ ላይ ከሌለ ከየት ታምጣው? በቆዳ ፋብሪካም ተመሳሳይ አደጋ በትልቁ አለ። ፀጉሩን ከቆዳው ለማላቀቅ ሶዲየም ሰልፋይድ ይገባል፤ በኋላ በሚመጣው ደረጃ ደግሞ ቆዳው አሲድ ውስጥ ይነከራል። የሁለቱ ፍሳሽ በአንድ ቦይ ወይም ጉድጓድ ቢገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ሰው በጥቂት ትንፋሽ የሚጥል ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ በትንሹ ሲሆን እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ፣ ደህና ነው የሚባልበት ሰዓት ነው ገዳዩ። ስለዚህ ክዳን ከፍቶ ማሽተት መለያ ዘዴ ሊሆን አይችልም፤ «ለምደነዋል፣ ምንም አይለንም» የሚለው መከራከሪያም እዚሁ ላይ ይወድቃል።

ስሙ ሐኪም ቤትም ያስፈልጋል። ኦርጋኖፎስፌት በሚባለው ፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው አትሮፒን ሊሰጠው ይገባል። አሲድ፣ ካስቲክ ሶዳ ወይም ላምባ የጠጣን ሰው አስገድዶ ማስመለስ ግን ጉዳቱን ያብሳል፤ አሲዱና ሶዳው ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥሉታል፣ ላምባውም ወደ ሳንባው ይገባል። ታማሚውን ይዘው የመጡት ሰዎች ስም የለሽ ጠርሙስ ብቻ ካሳዩ ሐኪሙ የሚሠራው በምልክቱና በግምት ነው፤ ግምቱ ደግሞ ደቂቃ ይበላል።

የአሜሪካኑ ሥርዓት የተገነባው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር፣ በአጭሩ ኦሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ደንብ መነሻው ሠራተኛው የሚነካውን ነገር የማወቅ መብት አለው የሚል ነበር። መጀመሪያ ፋብሪካዎችን ብቻ ይመለከት ነበር፤ በ1987 ወደ ሌሎቹ የሥራ ዘርፎች ተስፋፋ፤ በ2012 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት በ2003 ካሳተመው ዓለም አቀፍ የኬሚካል አመዳደብ ጋር ተጣጣመ። ቀይ ጠርዝ ባለው ዳይመንድ ውስጥ የምናያቸው የራስ ቅል፣ የእሳትና የሚያቃጥል አሲድ ሥዕሎች የመጡት ከዚያ ነው። ለእያንዳንዱ አደገኛ ኬሚካል 16 ክፍል ያለው የደኅንነት መረጃ ወረቀት በሥራ ቦታው መገኘት አለበት። አራተኛው ክፍል የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው፤ አሥረኛው ከምን ጋር መገናኘት እንደሌለበት ይናገራል። ይህን ወረቀትና የመጀመሪያውን መለያ ማዘጋጀት የአምራቹ ሥራ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን የመገልበጡ ደንብ ነው። ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንሽ መርጫ ሲገለበጥ መርጫው ላይ የምርቱ ስምና የአደጋው ዓይነት መጻፍ አለበት። የሚፈቀደው አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ነው፤ የገለበጠው ሰው ራሱ፣ ከእጁ ሳያወጣ፣ በዚያው ፈረቃ የሚጨርሰው ከሆነ መለያ አያስፈልገውም። ጠርሙሱን ሌላ ሰው ሊያነሣው የሚችልበት ደቂቃ ሲመጣ ግን የገለበጠው ሰው ትውስታ ብቻውን በቂ አይሆንም። ይህን ያሰበው ሰው ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ መሆን አለበት። አገር ቤት ያለው ችግር ሁሉ ከዚህች ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ነውና።

«አገራችን ሕግ የላትም» የሚሉ አሉ፤ አላት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ከሥራቸው ጋር የተያያዘውን አደጋና ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ መከላከያ ዕቃ የማቅረብም ግዴታ አለበት። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ፀረ ተባይን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 674/2002 ለብቻው አለ። ስለዚህ የጎደለው የሕግ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ማሳወቅ በአገራችን በቃል የሚፈጸም ሆኖ ቀርቷል፤ አለቃው አንድ ቀን «ተጠንቀቁ» ይላል፣ ሠራተኛው ይለቅቃል፣ አዲስ ሰው ይገባል፣ ጠርሙሱ እዚያው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ የድህነቱ ነው፤ ተገቢውን ክብደት ሰጥቼ ልመልሰው። በረኪናን በሊትር ወይም በግማሽ ሊትር ገልብጦ መሸጥና መግዛት ስንፍና አይደለም። ሙሉ ጀሪካን የሚገዛ ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሌለው ሰው ሊያደርግ የሚችለው ያንኑ ነው። ባዶ ጠርሙስም አገር ቤት ዋጋ አለው፤ ቆራሌው ይገዛዋል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ታጥቦ ዳግመኛ ይሸጣል። የፀረ ተባይ ዕቃ በገጠር የመጠጥ ውኃ መያዣ የሚሆነውም ባዶ ጀሪካን ንብረት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ኑሮ ከሩቅ ሆኖ መኮነን አይገባም። ሆኖም ጥፋቱ ያለው መገልበጡ ላይ አይደለም። የአሜሪካ ሆቴልም ቀኑን ሙሉ ይገለብጣል፤ ያልተበረዘውን ማጽጃ ከትልቅ ዕቃ እየቀዳ በውኃ አቅጥኖ በትናንሽ መርጫ ያከፋፍላል። ልዩነቱ ስሙ አብሮ ይገለበጣል ወይ የሚለው ላይ ነው። ጓንት ያልቃል፣ የጋዝ ማስክ ውድ ነው፣ አየር ማስወጫ ማሠራት ግንባታ ይጠይቃል። የማርከር እስክሪብቶና የፕላስተር ዋጋ ግን አንድ ጀሪካን በረኪና ለገዛ ሆቴል ወጪ ሊባል አይችልም። ገንዘብ የሚያስፈልጋቸው ጥበቃዎች እስኪመጡ ድረስ ገንዘብ የማይጠይቀው ለምን ዘገየ ነው ጥያቄዬ። የመጠጥ ጠርሙስን ግን ከዚህ ለይቼ አየዋለሁ። ስም ቢጻፍበትም የውኃ ጠርሙስ ውኃ ይመስላል፤ የጠማው ሰው ጽሑፍ አያነብም፣ ሕፃንም አያነብም።

«ማንበብ የማይችሉ ሠራተኞችስ?» ይባላል። ሥዕሎቹ የተፈጠሩት በከፊል ለዚህ ነው፤ ግን ሥዕል ብቻውን ይናገራል ማለት አይደለም። ተቀጣጣዩን የሚያመለክተው እሳትና ሌላውን ነገር ይበልጥ የሚያቀጣጥለውን የሚያመለክተው ከክብ በላይ ያለ እሳት ሳይማሩት አይለዩም። ማሠልጠን ግድ ነው፤ ሠልጣኙ በሚገባው ቋንቋ። ኦሻ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መግለጫ አሠሪዎችን አስታውሷል። መለያው ራሱ ግን እንግሊዝኛ መሆኑ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ሌላ ቋንቋ መጨመር የአሠሪው ፈቃድ ነው። አማርኛ ብቻ የምታነብ የጽዳት ሠራተኛ በእንግሊዝኛ የተሰጣትን ሥልጠና ፈርማ ብትወጣ ፊርማዋ የሚጠብቀው ድርጅቱን እንጂ ሳንባዋን አይደለም። ይህን የምለው የውጭው ሥርዓት ጉድለት እኛው ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እዚያም ወረቀት ብቻ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ይህ የኬሚካል ማሳወቂያ ደንብ ከዓመት ዓመት አሠሪዎች ጥሰው ከሚገኙባቸው የኦሻ ደንቦች በቀዳሚዎቹ ተርታ ነው። ፓራኳት የተባለው ፀረ አረም ጥሩ ምስክር ነው። አንድ ጉንጭ ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደገለጸው እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በስሕተት ጠጥተውት 17 ሰዎች ሞተዋል፤ ሦስቱ ሕፃናት ነበሩ። ምክንያቱ የእኛው ነው፤ ሕግ ተጥሶ ወደ መጠጥ ጠርሙስ ተገልብጦ። ይህ ልማድ የኋላ ቀርነት ምልክት አለመሆኑን፣ ማንም ሰው እጁ ላይ ባገኘው ዕቃ እንደሚገለብጥ ያሳያል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ነው፤ ሞቱ ተቆጠረ፣ ምክንያቱ ተለየ፣ ኤጀንሲውም ዕቃው በቀላሉ ተከፍቶ እንዳይገለበጥ አድርገው እንዲሠሩት አምራቾችን አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በማሳቹሴትስ ቡርሊንግተን ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ወለል ላይ አሲድነት ያለው ማጽጃ ፈስሶ ነበር፤ ሌላ ሠራተኛ ክሎሪን ያለበትን ማጽጃ አፈሰሰበት። ድብልቁን ከወለሉ ጠርጎ ሊያስወጣ የሞከረው ሥራ አስኪያጅ ሞተ፣ ሌሎችም ሆስፒታል ገቡ። ሁለቱ ማጽጃዎች ገና በዕቃቸው ሳሉ ስም ነበራቸው፤ ወለል ላይ የፈሰሰው ግን ስም አልነበረውም። ይህ መከራከሪያዬን አያፈርሰውም። የፈሰሰ ነገርን ለቀጣዩ ሰው መናገርም ስም ማስተላለፍ ነው፤ አገር ቤትም እዚህም በፈረቃ ቅያሬ ላይ መዘለል የሌለበት።

አገር ቤቱም ውጭውም እኩል የጎደሉበት ቦታ አለ፤ የቤት ሠራተኛ። የኦሻ ደንብ በግል ቤት ተቀጥሮ ተራ የቤት ሥራ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። የኢትዮጵያ አዋጅ 1156/2011ም የቤት ሠራተኛን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጎ ለብቻው ለሚወጣ ደንብ ትቷታል። በሳዑዲ፣ በኩዌትና በኤምሬትስ እንዲሁ ከጠቅላላው የሠራተኛ ሕግ ተለይታ በሌላ ደንብ ትተዳደራለች፤ በሊባኖስ የሠራተኛ ሕጉ ጭራሽ አያውቃትም። እህቶቻችን በብዛት የሚሠሩት በነዚህ ቤቶች ነው፤ በዝግ መታጠቢያ ቤት፣ ክሎሮክስ የሚባለው በረኪናና የቱቦ መክፈቻ አሲድ በአንድ ባልዲ አጠገብ፣ ዐረብኛ የተጻፈበትን መለያ ሳያነቡ። ለጉዞ በሚሰጠው ሥልጠና ስለ ማብሰያና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሚሰጠው ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀንሶ ሁለቱ ጠርሙሶች በእጅ ይዘው ቢታዩ፣ መልካቸውና ምልክታቸው ቢጠና፣ «እነዚህ አይገናኙም፤ ከተገናኙ ምንም ሳታነሺ በር ከፍተሽ ውጪ» ቢባል ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም።

እኛም ብንሆን አሠሪዎች ነን። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ደሴ ባለው የወላጆቻችን ቤት የምትሠራዋን ልጅ ደመወዝ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከዚህ የሚላከው ገንዘብ ነው። ቤት ስንደውል ስለ ኪራዩና ስለ እናታችን የደም ግፊት እንጠይቃለን። በዚያው ስልክ በረኪናው በምን ዕቃ እንደተቀመጠ፣ ላምባው ከዘይቱ አጠገብ ይሁን አይሁን፣ ልጅቱ የሽንት ቤቱን አሲድ ለይታ ታውቀው እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። የውኃ ጠርሙስ ከሆነም ዛሬውኑ ይቀየርና ሰፊ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ ስሙ በትልቅ ፊደል ይጻፍበት፤ ማንበብ ካልቻለችም ከእሷ ጋር ተስማምተው ምልክት ይሳሉበት።