ብስክሌቱን ከየት አመጣሽው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፊልም ነው። «የመጋቢ ሚስት ስለ ፊልም፣ ያውም ስለሚያስፈራ ፊልም ምን አገባት?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚያው ስል ነበር የኖርኩት።

አንድ ምሽት ከጸሎት ፕሮግራም አምሽቼ ስገባ የ18 ዓመቷ ልጄ የሳሎኑን መብራት አጥፍታ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጣለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ቀንዳም፣ እግሩ የፍየል የሆነ ፍጡር ከአንዲት ልጅ ጋር በጨለማ ይነጋገራል። «በኢየሱስ ስም! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ። ልጄ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለሰችና «እማዬ፣ ቁጭ በይና እይው። ከዚያ በኋላ ትቆጪኛለሽ» አለችኝ። ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን። ቆይታ «ልጅቷ እውነት አባቷ ቤት ደርሳለች? ወይስ ስትሞት በሐሳቧ ያየችው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ፊልም እኮ ነው የኔ ልጅ» አልኳት። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር «ለእሱ የነገርሽውስ? ብስክሌቱን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ትንሹ ልጃችን ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ9 ዓመቱ፣ በደም ካንሰር ታሞ ወደ ጌታ ሄዷል። አባቱ የገዛለት ብስክሌት ነበረው፤ ሚዛን መጠበቅ ሳይለምድ ግን አልጋ ላይ ዋለ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማታ ማታ ስለ ሰማይ እነግረው ነበር። አንድ ሌሊት «እማዬ፣ እዚያ ብስክሌት አለ?» አለኝ። «አለ፤ ቀይ ነው፤ ደግሞም አይጥልህም» አልኩት። ፈገግ ብሎ ተኛ። መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ የተኛችው እህቱም እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።

ሁለት ማዕዶች

ያየነው ፊልም «ፓንስ ላቢሪንት» ይባላል። ሜክሲኳዊው ዳይሬክተር ጊየርሞ ዴል ቶሮ በስፓንኛ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእይታ ያቀረበው ሲሆን በማግስቱ ዓመት ሦስት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1944 በስፔን ገጠር ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ 5 ዓመት ቢሆነውም የጄኔራል ፍራንኮ ወታደሮች በየተራራው የቀሩትን ሸማቂዎች ያሳድዳሉ። ኦፌሊያ የምትባል አባቷ የሞተባት ልጅ ከነፍሰ ጡር እናቷ ጋር ወደ እንጀራ አባቷ ወደ ካፒቴን ቪዳል ቤት ትመጣለች። ይህ ሰው ጥንቸል ሊያድኑ የወጡ አባትና ልጅን «ሸማቂዎች ናችሁ» ብሎ ይገድላል። ጥንቸሉ ከከረጢታቸው የተገኘው ከገደላቸው በኋላ ነው።

ኦፌሊያ ከቤቱ አጠገብ ባለ ጥንታዊና ጠመዝማዛ የድንጋይ መተላለፊያ ውስጥ ቀንዳሙን ፍጡር፣ ፋውኑን፣ ታገኘዋለች። «አንቺ ከምድር በታች ያለው ንጉሥ የጠፋችበት ልዕልት ነሽ። ሙሉ ጨረቃ ሳትወጣ ሦስት ፈተና ከፈጸምሽ ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ» ይላታል።

እኔ ይህን ሳይ «አሁን ወደ ደስታ ዓለም ልትሸሽ ነው» ብዬ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። በሁለተኛው ፈተና የደረሰችበት አዳራሽ በምግብ የተሞላ ማዕድ አለ፤ በማዕዱ ራስ የተቀመጠው ግን ሕፃናትን የሚበላ፣ ዓይኖቹን መዳፎቹ ላይ የሚሰካ ጭራቅ ነው። እንዳትበላ ተነግሯት ሳለ ሁለት የወይን ፍሬ ትቀምሳለች፤ አብረዋት ከመጡት ሦስት ትናንሽ ክንፋም ፍጥረታት ሁለቱ በዚያ ምክንያት ይበላሉ። ካፒቴኑም ቀደም ብሎ ሕዝቡ በራሽን እየተራበ እርሱ እንዲሁ በሞላ ማዕድ ራስ ተቀምጦ አይተነዋል። ልጅቷ በምናቧ ከካፒቴኑ አላመለጠችም። ማንነቱን በምናቧ በኩል ይበልጥ አጥርታ አየችው እንጂ። በልጅነታችን «ጭራቅ መጣ!» ሲሉን የሚያስፈራን ከሰው የተለየ ነገር መስሎን ነበር፤ ስናድግ ግን ጭራቅ የደንብ ልብስ ለብሶም እንደሚመጣ አየን።

ሦስተኛው ፈተና የሁሉ ቁልፍ ነው። እናቷ በወሊድ ሞታለች። ኦፌሊያ አራስ ወንድሟን ይዛ ትመጣለች፤ ፋውኑ በሩ እንዲከፈት ከሕፃኑ ጥቂት የደም ጠብታ ይጠይቃል። እርሷ እምቢ ትላለች። ያ ሁሉ የናፈቀችው መንግሥት ቢቀርባትም ሕፃኑን አልሰጥም ትላለች። በዚያች ቅጽበት ካፒቴኑ ደርሶ ሕፃኑን ነጥቆ በጥይት ይመታታል። ስትሞት ወርቃማ አዳራሽ ይታያታል፤ አባቷ በዙፋኑ ተቀምጦ የንጹሑን ደም ከማፍሰስ የራሷን በማፍሰሷ ፈተናውን ማለፏን ይነግራታል። ከዚያ ካሜራው ወደ ምድር ይመለሳል። እቅፍ አድርጋ የምታለቅሰው ሜርሴዴስ የምታየው የሞተች ልጅ ብቻ ነው።

የተቆረጠው መጨረሻ

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህራችን ለውይይት ያሳየን ሌላ ፊልም ትዝ አለኝ። ቴሪ ጊሊያም የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው «ብራዚል» ነው፤ ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ስለ አገሪቱ አይደለም። ሳም ላውሪ ወረቀት ሰውን በሚውጥበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ ሌሊት ሌሊት ክንፍ አውጥቶ ወደሚወዳት ሴት ሲበር ያልማል። በመጨረሻ ይታሰርና የማሠቃያ ወንበር ላይ ይታሰራል። ወዳጆቹ ጣራ ጥሰው ገብተው ያስፈቱታል፤ ከፍቅረኛው ጋር ወደ ለምለም ገጠር ይነዳል። እፎይ ስንል የአሠቃዮቹ ፊት ብቅ ይላል። ሳም ከወንበሩ አልተነሣም። አእምሮውን ስቶ ፈገግ ብሎ ያንጎራጉራል።

በአሜሪካ ፊልሙን የሚያከፋፍለው ኩባንያ ይህን መጨረሻ ስላልወደደው ከዳይሬክተሩ ጋር ብዙ ተጣሉ። በኋላም አስከፊው መጨረሻ ተቆርጦ ፍቅረኞቹ በሰላም ሲያመልጡ የሚያበቃ አጭር ቅጂ በቴሌቪዥን ታይቷል።

ወገኖቼ፣ በልቅሷችን ሰሞን ቤታችንን የሞላው ይህ የተቆረጠ ቅጂ ነበር። «አታልቅሱ፤ ያመነ አያለቅስም!» «ጌታ አበባውን ቀጠፈ፤ በቃ ደስ ይበላችሁ!» የወደዱን ሰዎች ናቸው የተናገሩት፤ አልቀየምኳቸውም። እኔም ለሌሎች ስንት ጊዜ ብያለሁ! ነገር ግን የቀብሩን ትዕይንት ቆርጦ የሚያወጣ ተስፋ የጌታችን ተስፋ አይደለም። እርሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ጨለማ የበዛባቸውን ምስሎችም መጽሐፍ ቅዱሳችን አይፈራም፤ ሕፃኑን ሊውጥ በምታምጥ ሴት ፊት የቆመውን ዘንዶ ዮሐንስ በፍጥሞ አይቷል (ራእ. 12፥4)።

ሳም የፈገገው ፈገግታ

እንግዲህ ምናብ ተስፋ ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ? ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁለቱም ሰዎች እየተሠቃዩ የሚያምር ነገር አዩ። የሳም ፈገግታ ግን ለማንም አልተረፈም። የኦፌሊያ ወንድም ግን በሸማቂዎቹ እጅ ዳነ። አንዱ ከወንበሩ እንዲረሳው ያለመ ነው፤ ሌላዋ ያየችው መንግሥት በዚህ ምድር ሕፃን እንዳትሰጥ አጸናት። ተስፋችንን የምንመዝንበት አንዱ ሚዛን ይህ ይመስለኛል፦ እጃችንን ምን ያሠራዋል?

እስጢፋኖስን አስቡት። ድንጋይ ሲወርድበት ሰማይ ተከፍቶ አየ። የሚወግሩት ያዩት አንድ የሚሞት ሰው ብቻ ነው። ያየው ነገር ግን ለገዳዮቹ ምሕረት እንዲለምን አደረገው (ሐዋ. 7፥55-60)። ልብሳቸውን ሲጠብቅ የነበረው ወጣት ሳውልም ይህን ሰምቷል።

ይህ ሚዛን ብቻውን ግን አይበቃም። ሰው ለማይጨበጥ ሕልምም ሊሞት ይችላል። ኤርምያስ ከልባቸው የወጣውን ራእይ ስለሚናገሩ ነቢያት አስጠንቅቋል (ኤር. 23፥16)። ፊልሙ ልጅቷ በእርግጥ ደርሳ እንደሆነ አያረጋግጥልንም፤ በደረቀው የበለስ ዛፍ ላይ አንዲት ነጭ አበባ አሳይቶን ይሰናበተናል። ጳውሎስ ግን ፊት ለፊት ይናገራል፤ ክርስቶስ ካልተነሣ ከሰው ሁሉ ይልቅ የምናሳዝን እኛ ነን ይላል (1ቆሮ. 15፥14-19)። ተስፋችን የተንጠለጠለው በሥዕሉ ውበት ላይ አይደለም፤ በተከፈተ መቃብርና ባዩት ሰዎች ምስክርነት ላይ ነው።

ለልጄ የመለስኩላት

ይህን ሁሉ በዚያች ሌሊት አላልኳትም። ያልኳት አንድ ነገር ነው። «ብስክሌቱን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ቀይነቱንም እኔ ነኝ የጨመርኩት። ልጄ እየሞተ ስለነበር አለማወቄን ልነግረው አቅም አጣሁ።»

ልጄ ያኔ አለቀሰች። «እኔ እኮ ነቅቼ ነበር። ስለ ብስክሌቱ የፈጠርሽ መሆኑን ስለማውቅ ሌላውንም ሁሉ የፈጠርሽ መሰለኝ» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፊት ወንበር ተነሥታ ከኋላ መቀመጥ የጀመረችው ለካ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው። እኔ የጉርምስና ዕድሜ መስሎኝ ስጸልይላት ነበር!

«ብስክሌቱ ከእኔ ነው» አልኳት፤ «የሚቀበለው ግን ከእኔ አይደለም። እርሱን እኔ አልፈጠርኩትም። እኔ ባልወለድም፣ ባላዝንም፣ ባላምንም ከመቃብር ወጥቷል።» ይህን ስል ለእርሷ ብቻ አልነበረም፤ ራሴም መስማት ነበረብኝ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ለመጋቢው ባለቤቴ ሁሉን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ዘካርያስ 8፥5ን አሳየን። ነቢዩ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር አደባባዮቿ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚሞሉ ይናገራል። «እንግዲህ ብስክሌት አለ ብለሽ አትማይ፤ የለም ብለሽም አትማይ» አለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሦስታችንም ሳቅን።

ለወላጆች

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ይህን ፊልም ለትናንሽ ልጆች አታሳዩ። በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲኒማ ገብተው እንዳያዩት ተከልክሏል፤ የካፒቴኑ ጭካኔ በግልጽ ይታያል። ለትላልቆቹ ግን «አጥፊው!» ከማለታችሁ በፊት አጠገባቸው ተቀመጡ። ሲያልቅም ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ተስፋው ከየት መጣ? ተስፋ ያደረገው ሰው ምን አደረገ? አንተ ወይም አንቺ በዚህ ውስጥ ማንን አሰባችሁ? እኔ ሦስተኛውን ብጠይቅ ኖሮ ሦስት ዓመት ባላለፈ ነበር።

ባልና ሚስትም እስቲ በዚህ ሳምንት ተነጋገሩ። ልጆቻችሁን ለማጽናናት ከራሳችሁ የጨመራችሁት ነገር አለ? ካለ ንገሯቸው። የጨመራችሁት ሲወድቅ ጌታ የተናገረውም አብሮ የወደቀ እንዳይመስላቸው።

ልጄ አሁንም ከኋላ ትቀመጣለች። ነገር ግን ትጠይቃለች፤ እኔም የማላውቀውን «አላውቅም» እላታለሁ። ብስክሌቱ እስካሁን ዕቃ ቤታችን ውስጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አገኘኋት። «ጎማው ተንፍሷል» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ጨርቁን ተቀበልኳት።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።