የማን ዓይን ነበር?

እታለም የእናቴ ታናሽ እኅት ነበረች። በ1984 ዓ.ም. ክረምት ዳንግላ እቤታችን ስትታመም ዕድሜዋ ከአሥራ ሰባት አይበልጥም፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ራሴን አለች፤ ትኩሳትም ነበራት። ወባ ነው ተባለና ክኒን ዋጠች። ሳምንት ሳይሞላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካይኗ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ታወራለች፤ ግድግዳው ላይ ሰዎች ያዩኛል እያለች በነጠላዋ ትሸፋፈናለች። ድምፅዋ የማይሰማው እታለም አያቴን በስሙ ጠርታ ሰደበችው። ኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝም አለች። መንጋጋዋ ብቻ አንዳች ነገር እንደሚያኝክ ይንቀሳቀሳል፤ እጇን ቢያነሡላት እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል።

አያቴ ቡዳ ነው አለ። ማን እንዳያት ሲጠየቅ መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከእንጅባራ በኩል እንስራ ተሸክማ ገበያ የምትመጣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከሕመሟ በፊት የእታለምን ሹሩባ አይታ "ፀጉርሽ እንዴት ያምራል!" ስትላት ሰምቻለሁ። ይህንኑ ተናገርኩ። ውሸት አልነበረም። (ልጅ ሲናገር አዋቂ ሁሉ ዝም ብሎ ካዳመጠው ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።) በሚቀጥለው ገበያ እንስራዎቿን መንገድ ላይ ሰባበሩባት። ከዚያ ወዲያ ዳንግላ አልታየችም።

እታለምን ግሽ ዓባይ ጠበል ወሰዷት። በቃሬዛ ሄዳ በቃሬዛ ተመለሰች፤ ቀበርናት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሱዛና ካሃላን የተባለች የኒውዮርክ ጋዜጠኛ ስለ ራሷ ሕመም የጻፈችውን መጽሐፍ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሐኪሙ ሰዓት ሳዪ ቢላት ቁጥሮቹን ሁሉ በስተቀኝ በኩል አጭቃ ሣለቻቸው። አእምሮዋ የታወከው አንጎሏ ስለ ተቆጣ ነበር።

የዚህን በሽታ ምስጢር ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ የገለጡት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ካጠኗቸው 12 ሴቶች የ11ዱ ኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻቸው፣ ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ነበረበት። ይህ ዕጢ ፀጉርና ጥርስ ያበቅላል፤ አንዳንዴም የአንጎል ዓይነት ሥጋ። ሰውነት ዕጢውን ለመውጋት ያሰለፈው ፀረ እንግዳ አካል የገዛ አንጎሉንም ይወጋል። ዕጢው የማይገኝባቸውም ብዙ ናቸው፤ ካሃላንም አልተገኘባትም። ዕጢ ካለ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ መድኃኒት ይታከላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የ577 ሕሙማን ጥናት እንዳሳየው፣ ከታከሙት ከአምስቱ አራቱ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ አገግመዋል።

እታለምን የገደላት ይኸው ነው ብዬ አልምልም። የመረመራት የለም። ግን ያ መንጋጋ፣ ያ ተሰቅሎ የሚቀር እጅ...

እናቴን ስለ ሸክላ ሠሪዋ ጠየቅኋት። "አሁን እሷን ምን አነሣሽ?" አለችና ቡናዋን መቁላት ቀጠለች።

ባለፈው ዓመት እንጅባራ ገበያ፣ ሸክላ ከተደረደረበት ቆሜ አንዲትን አሮጊት ልጠይቃት ፈለግሁ። የምጠራው ስም እንኳ አልነበረኝም። በ1984 ዳንግላ ገበያ እንስራ የተሰበረባት ሴት ታውቂያለሽ? ይባላል?

"የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ እሷ ቀድማ።

ጀበና ገዝቼ ሄድኩ።