የተሰረዘ ስሕተት

ለመመረቂያ ጽሑፌ የዜና ክፍል ባልደረቦችን ሳነጋግር ሳላነሣው የማላልፈው አንድ ጥያቄ አለ፤ «በሥራዎ ላይ ስሕተት ሲፈጽሙ በቅድሚያ ለማን ይናገራሉ?» የሚል። እኔ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቴ በፊት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ጋዜጣ የውጭ ዜና ተርጓሚ ነበርሁ። አንድ ምሽት በጥቅምት ወር የተፈጸመ ክንውንን ዘመን ስቀይር ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ ስምንት ቀነስሁ። ከመስከረም 1 ቀን አንሥቶ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያበቃ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ የለም፤ በጥድፊያ የሚዘነጋው ግን ብዙ ነው። ያስተዋልሁት ዜናው በቴሌግራም ቻናላችን ከወጣ በኋላ ነበር። አረምሁት፤ ትንፍሽ አላልሁም።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ባልደረባዬ ያንኑ ስሕተት ደገመው፤ የእርሱ ግን ታትሞ ወጣ። በጠዋቱ ስብሰባ ማን እንደጻፈው ተጠየቀ እንጂ እንዴት ሦስት እጅ አልፎ ማተሚያ ቤት እንደደረሰ የጠየቀ አልነበረም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣን «አንቺ ግን ምን ብታደርጊ ነው የማትሳሳቺው?» አለኝ። ዝም አልሁ።

ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት በሆስፒታል ክፍሎች የሚፈጸሙ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን መርምረው ነበር። የተሻለ አመራርና የሥራ ግንኙነት ባላቸው ክፍሎች ብዙ ስሕተት ተመዝግቦ አገኙ፤ ከጠበቁት ተቃራኒ ነው። በእነዚያ ክፍሎች ስሕተት ስለሚነገር ይመዘገባል የሚል ማብራሪያም ሰጡ። የእኔ መዝገብ እንግዲህ ንጹሕ ነበር።

ቴሌግራም በድርጅታችን ትልቁ አዲስ አሠራር ተብሎ የገባ ነው፤ ሥልጠናም ተሰጥቶናል። ስለ ቪዲዮ ርዝመትና ስለ ርእስ አወጣጥ ተምረናል፤ ስለ እርማት የተነሣ ነገር አላስታውስም። ጋዜጣ የታተመውን መሰረዝ ስለማይችል «እርማት» ብሎ በሚቀጥለው እትም ለማውጣት ይገደዳል፤ ያችን አጭር ማስታወቂያ ደግሞ ባልደረባ ሁሉ ያነባታል። በቴሌግራም ግን ከጽሑፉ ግርጌ «ታርሟል» የምትል ምልክት ብቻ ትቀራለች፤ ምን እንደታረመ አትናገርም። አዲሱ መሣሪያ ፍርሃታችንን የበለጠ ምቹ መደበቂያ ሰጠው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከማነጋግራቸው ጋዜጠኞች ዝርዝር ውስጥ ያ ባልደረባዬም አለ። ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አራዝሜዋለሁ።