«እዚያ ሰላም ነው?» ከአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ



ከለንደን ወጥተን ምሥራቅ እንግሊዝ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ከገባን ወዲህ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ሦስተኛ ጥያቄው አንድ ነው። ጤና ይጠይቃል፣ ልጆቹን ይጠይቃል፣ ከዚያ «እዚያ ሰላም ነው? አያስፈራም?» ይላል። አንዳንዱ ለእኛ አስቦ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የለንደን የቤት ኪራይ አንገቱ ላይ ደርሶ እሱም ሊከተለን እያሰበ ነው። አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ገጠር ስለሆነ በተለይ እህቶች ከመወሰናቸው በፊት ማወቅ ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው ብዬ የማውቀውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከተማችን አምስት ሺህ የማይሞላ ሰው ያለባት ናት። አንድ ሱፐርማርኬት፣ ሁለት መጠጥ ቤት፣ አንድ ፋርማሲ፣ ዓሣና ድንች የሚጠበስበት ቤት፣ መቶ ዓመታት ያስቆጠረ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን። መስጂድ የለም፤ ለጁምዓ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንነዳለን። የፖሊስ ጣቢያ የነበረው ሕንፃ ተሽጦ መኖሪያ ቤት ሆኗል። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከ2010 በኋላ በነበረው የበጀት ቅነሳ በእንግሊዝና በዌልስ ከ20,000 በላይ ፖሊሶች ተቀንሰው ነበር። እስከ 2023 ድረስ ቁጥሩን ለመመለስ አዲስ ቢቀጠርም የተሸጠው ጣቢያ አልተመለሰም። ስለዚህ እዚህ ፖሊስ ማለት በአብዛኛው ስልክ ቁጥር ነው፤ ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ 999፣ ካልሆነ 101።

በዚህ አገር ቤት ከመከራየት በፊት የሚታይ አንድ ጥሩ ነገር አለ። የፖሊስ ድረ ገጽ ላይ የቤቱን የፖስታ ኮድ ስትጽፉ በአካባቢው በየወሩ የተመዘገበው ወንጀል በካርታ ይወጣላችኋል። ከ2011 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። አነባበቡን የማያውቅ ሰው ግን ካርታውን አይቶ ወይ በከንቱ ይደነግጣል፣ ወይ በከንቱ ይረጋጋል። ነጥቡ ወንጀሉ የተፈጸመበት ትክክለኛ ቦታ አይደለም። የተበዳዩ ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል ቀድሞ ወደተወሰነ አቅራቢያ ቦታ ይዛወራል፤ «በመኪና ማቆሚያው ወይም በአጠገቡ» ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ መኪና ማቆሚያው የሌባ መናኸሪያ መስሎ ቢታያችሁ አትፍረዱበት። «ኃይልና ወሲባዊ ወንጀሎች» የሚለውም ምድብ ሲያዩት ልብ ያርዳል። ነገር ግን ማንም ሳይቆስል የተሰነዘረ ጥፊም፣ ከባድ የአካል ጉዳትም እዚያው አንድ ላይ ተጠቅልለው ነው የሚቆጠሩት።

የትንሽ ቦታ ቁጥር ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ሁለት ሺህ ሰው ባለበት መንደር አምና ሦስት ቤት ተሰብሮ ዘንድሮ ስድስት ቢሰበር፣ «የቤት ሰበራ መቶ በመቶ ጨመረ» ብሎ የጻፈ ጋዜጣ አልዋሸም። ምናልባት ስድስቱንም የሰበረው አንድ ልጅ ነው። ወንጀሉን ለነዋሪ ቁጥር ማካፈልም ያሳስታል። የለንደን እምብርት የሆነችው ሲቲ ኦፍ ለንደን ነዋሪዋ ጥቂት ነው፤ ቀን ቀን ለሥራ የሚገባባት ግን በመቶ ሺዎች ነው። በነዋሪ ሲካፈል ከአገሩ ሁሉ የከፋች ወንጀለኛ ከተማ ትመስላለች። ገበያና መጠጥ ቤት ያላት ትንሽ ከተማም በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች አንጻር እንዲሁ ስሟ ይጠፋል።

ከፖሊስ መዝገብ ይልቅ እኔ የማምነው ከ1982 ጀምሮ የሚካሄደውን የወንጀል ጥናት ነው። ፖሊስ ጋ ሄደም አልሄደም ሰዉን ራሱን «ባለፈው ዓመት ምን ደረሰብህ?» ብለው ይጠይቁታል። በዚያ ጥናት መሠረት ወንጀል ጫፍ የደረሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤት ሰበራውም የመኪና ስርቆቱም እጅግ ወርዷል፤ ገጠሩም ከከተማው ያነሰ ነው። የሚገርመው፣ ሰዎች ሲጠየቁ «በአገሪቱ ወንጀል ጨምሯል» የሚለው ሰው «በእኔ ሰፈር ጨምሯል» ከሚለው ሁልጊዜ ይበዛል። ሁሉም ወንጀሉ ያለው ሌላው ሰፈር ነው ብሎ ያምናል።

ታዲያ እዚህ የሚሰረቀው ምንድን ነው? ስንመጣ ስሰማ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ! የድሮዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያቸው እርሳስ ነው፣ እርሳስ ደግሞ ይሸጣል፤ ሌቦች በሌሊት ገፈው ይወስዱታል። ዝናብ ሲገባ ነው የሚታወቀው። ጋዝ በቧንቧ የማይደርሰው ቤት ማሞቂያ ዘይቱን ጓሮ በርሜል ውስጥ ያስቀምጣል፣ እሱም ይቀዳል። የገበሬው አራት እግር ሞተርና ትራክተሩ ላይ ያለው የጂፒኤስ መሣሪያ ይነቀላል። ለእኛ ዓይነቱ ተከራይ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። ለገበሬው ግን የመኸር ሰሞን ትራክተሩ ቆመ ማለት ነው።

ፖሊስ ሩቅ መሆኑ የሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት በዚሁ በምሥራቁ ክፍል፣ ኖርፎክ ውስጥ፣ ኤምነዝ ሀንጌት በምትባል መንደር የሆነውን ማወቅ ይበቃል። ቶኒ ማርቲን የሚባል ብቻውን የሚኖር ገበሬ ነሐሴ 1999 ሌሊት ቤቱ ሁለት ሌቦች ገቡበት። በጠመንጃ ተኮሰ። አንደኛው ቆሰለ፤ ሌላው፣ ፍሬድ ባራስ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ፣ ከጀርባው ተመትቶ ሞተ። በ2000 በግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ2001 ይግባኝ ሰሚው ወደ ቀለለ የነፍስ ማጥፋት ወንጀል ቀየረለት፤ በ2003 ተፈታ። አሁንም በአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት ስሙን ካነሳችሁ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። ግማሹ «ማን ይጠብቀው ነበር?» ይላል። እኔ የማስበው ግን የ16 ዓመቱን ልጅ እናት ነው።

ካርታው ላይ ጭራሽ የማይታይም አለ። ማጭበርበር በእንግሊዝና በዌልስ ከሚፈጸመው ወንጀል ከአሥሩ አራት ያህሉ ሆኖ ሳለ አንድም ነጥብ የለውም። እኔ በሥራዬ የማያቸው አረጋውያን በር ላይ ከሚመጣ ሌባ ይልቅ «ከባንክ ነው የምደውለው» ከሚል ድምፅ ነው የሚጎዱት። ብቻቸውን ናቸው፤ ሰው ሲያናግራቸው ደስ ይላቸዋል።

ይህ ብቸኝነት ያመጣውን ሌላ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬ ልንገራችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን የምሄድላቸው፣ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ስገባ መጋረጃው ተዘግቷል። ኮሪደሩ ላይ የእሳቸው ያልሆነ አዲስ ስኒከር ተደርድሯል። ወጥ ቤት አምስት ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ሁለት ልጆች ሶፋው ላይ ተኝተዋል፤ ሲናገሩ የለንደን ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል። ሰውዬው በደስታ «ጓደኞቼ ናቸው፣ ፒዛ ገዙልኝ» አሉኝ። በሚቀጥለው ስሄድ መኝታ ቤታቸው ተቆልፎ እሳቸው ወለል ላይ ነው የሚተኙት።

ከተማ ያሉ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ዕፁን ወደ ትንንሽ ከተሞች የሚያደርሱት በልጆች ነው። አንድ የስልክ መስመር ይከፍቱና ትእዛዝ የሚቀበሉት በሱ ነው። ልጁን በባቡር ይልኩታል፤ ማደሪያ የሚሆነው ደግሞ ደካማ ሰው ያለበት ቤት ነው። ኩኩ የምትባለው ወፍ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ እንደምትጥል፣ እንግሊዞች ይህን ቤት መንጠቅ በወፏ ስም ይጠሩታል። ያየሁትን በቀንና በሰዓት መዘገብኩ፣ ለአለቃዬ ነገርኩ፣ ለካውንስሉም ለፖሊስም ደወልኩ። በ2014 የወጣው የእንክብካቤ ሕግ እንዲህ ላለው ሰው ካውንስሉ ማጣራት ግዴታው መሆኑን ይደነግጋል። ቢሆንም ፖሊስ እስኪገባ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እኔ በነዚያ ሁለት ሳምንታት መሄዴን አልተውኩም፤ አያተል ኩርሲይን እየቀራሁ ነበር በሩን የማንኳኳው።

ከተያዙት አንዱ 15 ዓመቱ ነው። ቁልፉ ተቀየረ፣ ቤቱ ጸዳ። ሰውዬው ግን ለወራት ያህል በገባሁ ቁጥር «ልጆቹ የት ሄዱ?» ይሉኝ ነበር። ሰላም ነው ወይ ስትሉኝ ይህም በሐሳቤ ይመጣል። ለእሳቸው ሰላሙ የቱ ነበር?

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2024 ሳውዝፖርት በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሦስት ትንንሽ ሴት ልጆች በዳንስ ትምህርት ላይ ሳሉ በስለት ተገደሉ። ገዳዩ ሙስሊም ስደተኛ ነው የሚል ሐሰት በሰዓታት ውስጥ በስልኩ ሁሉ ተሠራጨ። የተወለደው እዚሁ ካርዲፍ ነበር። በማግስቱ ሰዎች ተሰብስበው የከተማዋን መስጂድ በጡብ ደበደቡ። ነሐሴ 4 ደግሞ ሮዘራም አካባቢ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉበትን ሆቴል ሊያቃጥሉ ሞከሩ። የሳውዝፖርት ነዋሪዎች በነጋታው የመስጂዱን አጥር ሊሠሩ መውጣታቸውም እውነት ነው፣ አይካድም። በእኛ ከተማ በዚያ ሳምንት ምንም አልሆነም። እኛ ግን ለዒሻ መንዳት አቆምን፤ ባለቤቴ ማታ ማታ በሩን ሁለቴ ይፈትሽ ነበር።

የሆነው በጥቅምት ነው። የ14 ዓመት ልጄ ከሱፐርማርኬቱ ፊት ለፊት አውቶቡስ ስትጠብቅ አንድ መኪና ቀስ አለ፣ መስኮቱ ወረደ፣ ስለ ሒጃቧ እዚህ የማልጽፈውን ጮኸውባት ሄዱ። የነገረችኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ወደ 101 ደወልኩ፤ ረጅም ጠብቄ የመዝገብ ቁጥር ሰጡኝ። በአራተኛው ቀን አንድ ፖሊስ በትሕትና ደውሎ ታርጋውን ጠየቀ። ታርጋ አላየችም። ወደዚያ ያነጣጠረ ካሜራም የለም። ወራት ቆይቶ ካርታውን ስከፍት አገኘሁት፤ «የሕዝብ ሰላም መደፍረስ፣ በመኪና ማቆሚያው ወይም በአጠገቡ»። ከሥሩ «ምርመራው ተጠናቋል፤ ተጠርጣሪ አልታወቀም» ይላል። ልጄ አንዲት ነጥብ ሆናለች። በሃይማኖቷ ምክንያት መሆኑን ነጥቡ አይናገርም። ቢሆንም እላችኋለሁ፣ ሪፖርት አድርጉ። ያላስመዘገባችሁት ነጥብ እንኳ አይሆንም፤ ለጠባቂ ወይም ለካሜራ በጀት የሚጠየቀውም በመዝገብ ነው።

ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት አሉ። መስኮታቸው ላይ የሰፈር ጥበቃ ተለጣፊ አለ። ይህ የጎረቤት ጥበቃ በ1982 ቼሺር ውስጥ ሞሊንግተን በምትባል መንደር የተጀመረ ነው፤ የኛ አገር ቡና የሚጠጡ እናቶች ያለ ተለጣፊ ሲሠሩት የኖሩት ማለት ነው። ሴትዮዋ ሻይ እየቀዱልኝ «ስደተኛ ሲበዛ ወንጀል ይበዛል» ብለውኝ ያውቃሉ፣ እኔን ከቁጥር አውጥተው ይመስለኛል። የልጄን ነገር ከሰሙ ወዲህ ግን ጠዋት ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩት አውቶቡሱ በሚመጣበት ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ባለቤቴ በርሚንግሃም እንግባ አለ። እዚያ መስጂድ በእግር ነው፣ ሐላል ሥጋ ጥግ ላይ ነው፣ ልጅቷ ሒጃብ ከለበሱ ብዙ ልጆች ጋር ትማራለች። እህቴ ደግሞ እዚያው ናት፤ የእሷ ልጅ ስልኩን ሁለት ጊዜ በስለት አስፈራርተው ነጥቀውታል። ልጃችንን ስንጠይቃት «ለምንድን ነው እኔ የምሄደው?» አለች። መልስ አልነበረንም። በ2026 የማጠቃለያ ፈተናዋን እስክትጨርስ እዚሁ ልንቆይ ተስማማን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል።

እናንተ የምትመጡ ከሆነ ቤቱን በፀሐይ ብቻ አትዩት። በታኅሣሥ እዚህ መግሪብ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ገና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሂዱ። የመንገድ መብራት መኖሩን፣ ካለም እኩለ ሌሊት ላይ የማይጠፋ መሆኑን ጠይቁ፤ ብዙ ካውንስሎች ገንዘብ ለመቆጠብ ያጠፉታል። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሆነ እዩ፤ መኪና የሌላት ሌሊት የምትሠራ እህት ከሌባ በላይ የሚያስጨንቃት እሱ ነው። የካርታውን የአንድ ወር ሳይሆን የዓመቱን ተመልከቱ። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ የምትሠራዋን ልጅ «ማታ ምን ይመስላል?» በሏት፤ ቤት አከራዩ የማይነግራችሁን እሷ ትነግራችኋለች። ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ከሥራ ስገባ እመልሳለሁ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።